ሽማግሌው ቦቢ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ለምን ይነሳል?

ጥያቄ፦ ውሻችን ቦቢ 13 ዓመት ሊሞላው ነው። ከጀርመን ሼፐርድ የተዳቀለ፣ 25 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ወንድ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ግቢያችንን ሲጠብቅ ኖሯል። ባለፈው ዓመት ሰፈራችን ለልማት ሲፈርስ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ገባን፤ እሱንም ይዘነው መጣን። ከጥቂት ወራት ወዲህ በየሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል። ሳሎኑን ይዞራል፣ በሩን ይቧጭራል፣ ያላዝናል። ባለቤቴ ቁራሽ ዳቦ ሲሰጠው ለጊዜው ዝም ይላል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ እንቆጣዋለን። ቀን ቀን ተጋድሞ ይውላል። ውሃ መጠጣቱም የጨመረ ይመስለኛል። ጎረቤቶቻችን ተማርረዋል። አንደኛው የሰው የእንቅልፍ ክኒን ስጡት ይለናል፤ ወንድሜ ደግሞ ከከተማ ወጣ አድርገን እንልቀቀው ይላል። እኔ ሁለቱንም አልፈልግም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሜ ሁለቱንም ምክር እምቢ በማለትዎ ላመስግንዎ። ወደ ክኒኑም ወደ ወንድምዎ ሐሳብም እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ይህን ልንገርዎ፦ ሽማግሌ ውሻ ሰው ለማስቸገር ብሎ ከእንቅልፉ አይነሳም። «ጠባዩ ተበላሸ» ተብለው ወደ እኔ ከመጡ ያረጁ ውሾች የብዙዎቹ ጠባይ ደህና ነበር። የታመመው ዳሌያቸው፣ ኩላሊታቸው፣ ሆዳቸው ወይም አእምሯቸው ነበር። ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ አይሆንም። ስለዚህ ቦቢ የሚነቃበትን፣ የሚያላዝንበትንና ተመልሶ የማይተኛበትን ምክንያት ለየብቻ እንያቸው።

ከሰዓቱ ልጀምር። ቦቢ ዘብ ነበር። በአገራችን የግቢ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ሲመሽ ይፈታል፤ ቀን ያንቀላፋል፣ ሌሊት አጥሩን ሲዞር ያድራል። ሥራው የሚበረታው ሰው ሁሉ በከባድ እንቅልፍ ላይ ባለበት ሰዓት ነው። በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ወንዝ ወንዙን ይዞ የሚወርደው ጅብ፣ ለማሕሌት የሚገሰግሰው ምእመን፣ ትንሽ ቆይቶም ለሱብሒ የሚወጣው ሰጋጅ፣ ሁሉም ጎሕ ሳይቀድ በደጁ ያልፋሉ። እርስዎ ቦቢ በ9 ሰዓት ተኩል መነሳት የጀመረው ከጥቂት ወራት ወዲህ ነው ይላሉ። እኔ ግን ከአሥር ዓመት በላይ በዚያ ሰዓት ነቅቶ ያድር እንደ ነበር እጠረጥራለሁ። ያኔ እሱ ደጅ እናንተ ቤት ውስጥ ስለ ነበራችሁ አላያችሁትም። አሁን ደጁ ሳሎን ሆኗል።

መንቃቱን ይህ ያስረዳልናል፤ ማላዘኑን ግን አያስረዳም። ጤነኛ ዘብ ነቅቶ፣ አየሩን አሽትቶ፣ አንድ ሁለት ዙር ዞሮ ተመልሶ ይጋደማል። ቦቢ ይህን ማድረግ ያልቻለው አንድ የሚያስጨንቀው ነገር ስላለ ነው።

«ውሃ መጠጣቱም የጨመረ ይመስለኛል» ያሉት ከደብዳቤዎ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ዓረፍተ ነገር ነው። «ይመስለኛል» የሚለውን ቃል በልኬት እንተካው። ነገ ጠዋት በ2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ለክተው ሳህኑን ይሙሉለት፤ በጨመሩ ቁጥር ይመዝግቡ፤ በማግስቱ በተመሳሳይ ሰዓት የተረፈውን ለክተው ይቀንሱ። ይህን ለሦስት ቀን ያድርጉ። በፈረቃ ምክንያት ውሃ የምታጠራቅሙበት ባልዲ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ካለ ይክደኑት፤ ከዚያ ተደብቆ ከጠጣ ልኬታችን ሁሉ ከንቱ ይሆናል። 25 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በተለመደው ቀን ከ1 ሊትር ተኩል ብዙም አይበልጥም። በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በቦቢ ክብደት 2 ሊትር ተኩል ካለፈ ምንም ጥርጥር የለውም፣ ምርመራ የሚያስፈልገው በሽታ አለ። በዚህ ዕድሜ ቀድመው ወደ አእምሮዬ የሚመጡት የኩላሊት መዳከም፣ የስኳር በሽታ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ከኩላሊት በላይ ያለችው ዕጢ ሆርሞን ከመጠን በላይ የምታመነጭበት ሕመም ናቸው። ሁሉንም በደምና በሽንት ምርመራ እንለያቸዋለን። (ውሻዎ ሴት ሆና ያልመከነች ብትሆን ኖሮ የማሕፀን መመረዝንም እጨምር ነበር። ሴት ውሻ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ውሃ ማብዛትና ምግብ መጥላት ካሳየች አንድ ቀን እንኳ አትቆዩ።)

ኩላሊቱ የደከመ ውሻ ሽንቱን ማወፈር ያቅተዋል። ብዙና ቀጭን ሽንት ይሸናል፤ ፊኛው እስኪነጋ አይችልለትም። አሁን ወደ በሩ መቧጨር እንመለስ። ቦቢ በሩን የሚቧጭረው ለማምለጥ አይመስለኝም። ዕድሜውን ሙሉ በሚተኛበት ቦታ ሸንቶ የማያውቅ ውሻ ነው፤ አሁንም «አውጡኝ» እያለ ነው። ይህ ክብሩን የጠበቀ ሽማግሌ ልመና ነው፤ እባክዎ በቁጣ አይመልሱለት።

ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት አለ፤ ማታ የውሃውን ሳህን ያነሳል። ይህን ፈጽሞ አያድርጉ። ኩላሊቱ ውሃ መያዝ ያቃተውን ውሻ ውሃ መከልከል በአንድ ሌሊት ሊያደርቀውና ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል። የሚለወጠው የመጠጫው ሰዓት ሳይሆን የመውጫው ሰዓት ነው። ማታ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ውጭ የሚወጣው ስንት ሰዓት ላይ እንደ ሆነ አልጻፉልኝም። በኮንዶሚኒየም ከሚኖሩ ሰዎች የምሰማው ግን ብዙውን ጊዜ «ምሽት 1 ሰዓት» የሚል ነው። ከዚያ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ስምንት ሰዓት ተኩል አለ። ለ13 ዓመት ሽማግሌ ብዙ ነው። ከመተኛታችሁ በፊት፣ 4 ሰዓት ወይም 4 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ጊዜ ይውረድ።

«ይውረድ» ማለት ቀላል ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ግን ቀላል አይደለም። እኔ ደረጃውን ከዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች አንዱ አደርገዋለሁ። ግቢ ውስጥ ሲኖር ለመሽናት አሥር እርምጃ ይበቃው የነበረ ውሻ አሁን ሦስት ፎቅ ወርዶ ሦስት ፎቅ መውጣት አለበት። ዳሌው ወይም ጉልበቱ የሚያመው ከሆነ መውረዱን ይፈራል፣ እናንተም ታዝኑለትና የምታወርዱበትን ጊዜ ታሳንሳላችሁ፤ ፊኛው ሳይራገፍ ያድራል። በዚያ ላይ ሳይንቀሳቀስ መዋሉ መገጣጠሚያውን ይበልጥ ያደርቀዋል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነው።

ሕመም እንዳለው እንዲህ ይወቁ። ተኝቶ ሲነሳ ከጎኑ ቆመው ይመልከቱት። በፊት እግሮቹ መሬቱን ቆንጥጦ የኋላውን እየጎተተ ይነሳል? የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ደረቅ ሆነው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይፈታታል? ሴራሚኩ ላይ የኋላ እግሮቹ ወደ ውጭ ይንሸራተታሉ? ሳይሞቀው ያለከልካል? አንዱን መገጣጠሚያ ደጋግሞ ይልሳል? ውሻ ዝም ብሎ መታመምን ያውቅበታል፤ ስላልጮኸ አያመውም ማለት አይደለም።

ባለፈው ታኅሣሥ አንዲት እናት የ14 ዓመት ውሻቸውን ይዘውልኝ መጡ። «ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እየተነሳች ታስለቅሰናለች» አሉኝ። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ከአንገቷ ጀምሬ አከርካሪዋን በአውራ ጣቴ ወደ ታች ወረድኩ። ዳሌዋ ጋ ስደርስ አልጮኸችም፣ ልትነክሰኝም አልሞከረች፤ ፊቷን ቀስ ብላ አዙራ አፍንጫዋን አንጓዬ ላይ አስቀመጠችው። እጄን ስታነሳልኝ ነበር። የምትተኛው ሲሚንቶ ላይ በተዘረጋ አንድ ጆንያ ላይ ነበር። በአዲስ አበባ ከኅዳር እስከ ጥር ቅዝቃዜው የሚበረታው ጎሕ ሊቀድ ሲል ነው፤ እሷም የምትነሳው ሲሚንቶው አጥንቷን ሲያቀዘቅዘው ነበር። ደሟን መርምረን ለውሻ የተሠራ የሕመም ማስታገሻ ጀመርንላት፤ ቤተሰቡ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ሠርቶ ወፍራም ስፖንጅና አሮጌ ጋቢ አነጠፈላት። በሁለተኛው ሳምንት ስልክ ደውለው እስከ 11 ሰዓት ተኩል እንደ ተኛች ሲነግሩኝ ድምፃቸው ውስጥ የነበረውን እፎይታ አልረሳውም።

ለቦቢም እንዲሁ ያድርጉለት። የሚተኛበት ከወለል ከፍ ያለ፣ ወፍራም፣ ከበሩ ንፋስ የራቀ ይሁን። ከመኝታው እስከ ውሃውና እስከ በሩ ድረስ ባለው ሴራሚክ ላይ የማይንሸራተት አሮጌ ምንጣፍ ይዘርጉ። ደረጃ ሲወርድና ሲወጣ አንድ ያረጀ ነጠላ ወይም ረጅም ፎጣ በእጥፉ አድርገው ከኋላ እግሮቹ ፊት ሆዱ ሥር ያሳልፉና ሁለቱን ጫፍ ከላይ ይያዙለት። የሽንት ብልቱን እንዳይጫነው ብቻ ይጠንቀቁ። ክብደቱን በሙሉ አያንጠልጥሉት፤ ግማሹን ብቻ ያግዙት። ብዙ ሽማግሌ ውሾች ይህን እርዳታ ሲያገኙ ደረጃውን መፍራት ይተዋሉ።

በሌሊት ማውረዱ ከባድ ከሆነ በረንዳውን ይጠቀሙበት። ዝቅ ያለ ጠርዝ ያለው ሰፊ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አፈርና ሣር ይሙሉና ሌላ ቀን የሸናበትን ትንሽ አፈር ጣል ያድርጉበት። የግቢ ውሻ ሴራሚክ ላይ መሽናት ይከብደዋል፤ አፈርና ሣር ሲሸተው ግን ይገባዋል። በየቀኑ አፈሩን ማገላበጥና በየጊዜው መቀየር ግድ ነው፤ አለዚያ ከጎረቤት ጋር ሌላ ጠብ ይመጣል።

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ የምናገረው ነገር አለ። «ያመዋል» ስላልኩ እቤት ካለው የሰው መድኃኒት እንዳይሰጡት። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ያደማሉ፣ ኩላሊቱን ያቆማሉ። ፓራሲታሞልም በግምት ሲሰጥ ጉበት ያበላሻል። ለውሻ የሚሆነው የሕመም ማስታገሻ እንኳ ኩላሊቱ የተጎዳ ከሆነ አደገኛ ነው። የደም ምርመራው መድኃኒቱን መቅደም ያለበት ለዚህ ነው። ለአንድ ቀን ሕመም ብለው በሰው ክኒን የሞቱ ውሾች አይቻለሁ፤ ባለቤቶቻቸው ሁሉም ከፍቅር ነበር የሰጡት።

ወደ ዳቦው እንምጣ። ባለቤትዎ በርኅራኄ ነው የሰጡት፤ ነገር ግን ቦቢ ከዚያ የተማረው «በ9 ሰዓት ተኩል ብነሳ እበላለሁ» የሚል ነው። አንድ ቀን ዳቦ፣ አንድ ቀን ቁጣ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው ሁልጊዜ ስለማይደርሰው አይደለም የሚተወው፤ አንዳንዴ ስለሚደርሰው ነው የሚቀጥለው። ውሻም እንዲሁ ነው። ዳቦው ከዛሬ ሌሊት ጀምሮ ይቁም።

ሆኖም ርሃቡ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ላይ ቢጫ አረፋ ያስታውካል? ሆዱ ያጉረመርማል? ሣር ይፈልጋል? ባዶ ሆድ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ሐሞት ወደ ጨጓራ ተመልሶ ያቃጥላል፤ ውሻውም ከነጋቱ በፊት በማቅለሽለሽ ይነሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የቀን ምግቡን ሳይጨምሩ ይከፋፍሉለት፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ይብላ፣ ከዕለት ድርሻው ሩብ ያህሉን ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ያግኝ። ቅንጬ ወይም ሩዝ ከተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ጋር፣ ያለ በርበሬና ያለ ጨው፣ ለብዙ ሽማግሌ ውሾች ይስማማል፤ ምርመራው የኩላሊት ችግር ካሳየ ግን የሥጋውን መጠን እኛ እንወስናለን። የወጥ ትርፍራፊ አይስጡት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ጥቂት በጥቂት ሲጠራቀምም ይጎዳሉ። በተለይ በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ውሻው ለ55 ቀን በሽሮ ወጥ ይቆያል፤ ሽሮው ውስጥ ያለውን ሽንኩርት ማንም አያስብለትም። በጾም ወራት ውሻቸው ሌሊት ሌሊት መነሳት እንደ ጀመረ የሚነግሩኝ ሰዎች አሉ። ውሻው አይጾምም፤ ይራባል እንጂ።

ውሃው ተለክቶ፣ ሕመሙ ታክሞ፣ ሆዱም ተስተካክሎ አሁንም ከተነሳ ወደ አእምሮው እንሄዳለን። ውሻ ሲያረጅ በሰው ላይ የመርሳት በሽታ ከሚያመጣው ጋር የሚመሳሰል ፕሮቲን በአንጎሉ ውስጥ ይከማቻል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከ11 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ውሾች 28 በመቶው፣ ከ15 እስከ 16 ዓመት ከሆናቸው ደግሞ 68 በመቶው ቢያንስ አንድ የአእምሮ መድከም ምልክት ነበራቸው። ቀንና ሌሊቱ መገለባበጡ ከምልክቶቹ አንዱ ነው። ሌሎቹን ይፈልጉ፦ ጥግ ውስጥ ገብቶ መውጫው ይጠፋዋል? በሩ በሚከፈትበት በኩል ሳይሆን ማጠፊያው ባለበት በኩል ቆሞ ይጠብቃል? የሚያውቀውን ሰው ለማወቅ ያመነታል? ወደ ግድግዳ አፍጥጦ ይቆማል? ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ ካሉ በሽታው ሊሆን ይችላል።

ቦቢን በተመለከተ አንድ ነገር እንዳይረሳ፤ ቤቱ ፈርሷል። የሚያውቀው ዛፍ፣ የሚሸናበት ግንድ፣ የጎረቤቱ ውሻ ድምፅ፣ የቆርቆሮው አጥር ሽታ ሁሉ በአንድ ቀን ጠፍቶበታል። ወጣት ውሻ በጥቂት ሳምንት አዲሱን ቤት ያጠናል። ዓይኑ የደከመ፣ ጆሮው የከበደ ሽማግሌ ግን በጨለማ ሲነቃ የት እንዳለ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ የቤት ዕቃ ቦታ አይቀያይሩ። ከመኝታው ወደ በሩ በሚወስደው መንገድ አንድ ደብዛዛ መብራት ይተውለት። መኝታውንም ከሳሎኑ በር አንስተው እናንተ ወደምትተኙበት ክፍል ያቅርቡት፤ ሥሩ ቤተሰቡ የለበሰው ያልታጠበ ጋቢ ይሁን። ዕድሜውን ሙሉ ደጅ ያደረ ውሻ የሰው ትንፋሽ አጠገቡ ሲሰማ ይህን ያህል ይረጋጋል ብለው አይጠብቁ ይሆናል፤ ይሞክሩት።

ቀኑ ካልተስተካከለ ሌሊቱ አይስተካከልም። ቀን ተጋድሞ እንዲውል አይተዉት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፀሐይ ላይ ያውጡት፤ 15 ወይም 20 ደቂቃ በቀስታ ይራመድ፣ ከሁሉም በላይ ያሽትት። ለውሻ ማሽተት ለእኛ ጋዜጣ ማንበብ ነው፤ አእምሮውን ያሠራዋል፣ መገጣጠሚያውን ግን አያደክመውም። ከሰዓት በኋላ ጥቂት ምግብ በአሮጌ ፎጣ ጠቅልለው እንዲፈልገው ይስጡት። 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ሌላ አጭር ዙር ያውጡት። በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን በዚህ ጉዳይ ሲጽፉልኝ ጥቁር መጋረጃ እንዲሰቅሉ እነግራቸዋለሁ፤ በስቶክሆልም በሰኔ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ትወጣለች። የአዲስ አበባ ንጋት ግን በዓመት ውስጥ የሚለዋወጠው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ነው፤ ስለ መጋረጃው አይድከሙ፣ ብርዱንና ድምፁን ይከላከሉለት።

አእምሮው መድከሙ በምርመራ ከታመነበት ሴሌጂሊን የሚባል መድኃኒት አለ፤ በአሜሪካ ለውሾች ለዚሁ ችግር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የሚሰጠው ጠዋት ነው፤ ለውጡም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከአንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች፣ ትራማዶል ከሚባለው የሕመም ማስታገሻና መዥገር ለመከላከል ከምንጠቀምበት አሚትራዝ ጋር ስለማይስማማ ቦቢ ላይ የሚረጨውንም ሆነ የሚታሰርለትን ሁሉ ንገሩን።

የጎረቤትዎ የእንቅልፍ ክኒን ግን አይሆንም። የሰው የእንቅልፍ ክኒን ሽማግሌ ውሻን አንዳንዴ ከማስተኛት ይልቅ ያቅበዘብዘዋል፤ እግሩን ያደክመዋል፣ የተምታታውን አእምሮ ይበልጥ ያምታታዋል። በመድኃኒት ደንዝዞ ደረጃ ላይ የወደቀ ውሻ ደግሞ ዳሌውን ይሰብራል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ፊኛው የሞላ ወይም አጥንቱ የሚያመው ውሻ ዝም ቢልም ሕመሙ አብሮት ያድራል።

ምርመራው እስኪደርስ ድረስ ሌሊቱን እንዲህ ይያዙት። ስልክዎን ለ9 ሰዓት ይሙሉ፤ ማላዘን ሳይጀምር እርስዎ ይቅደሙት። ጆሮው ከብዶት ሊደነግጥ ስለሚችል በእጅዎ ድንገት አይንኩት፤ ወለሉን በእግርዎ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉ፣ ንዝረቱ ይቀሰቅሰዋል። ትልቁን መብራት አያብሩ፣ አያጫውቱት፣ አይቆጡት፣ አያብሉት። ወደ ሳጥኑ ወይም ወደ ውጭ ይውሰዱት፣ ይሽና፣ ወደ መኝታው ይመልሱት፣ በቃ። ለአንድ ሳምንት ያህል ከጸና በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ 15 ደቂቃ ያዘግዩት፤ 9 ሰዓት ከሩብ፣ ከዚያ 9 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ ለ10 ሰዓት ሩብ ጉዳይ። ማላዘን ከቀደመዎት ፈጥነዋልና አንድ እርምጃ ይመለሱ። ቁርሱንም ከመነሳቱ ጋር አያያይዙት፤ ከተነሳ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይብላ። ዝም ብሎ ተወው፣ ይሰለቸዋል የሚለው ምክር ለወጣት ውሻ ሊሠራ ይችላል። ለቦቢ አልመክረውም፤ መሽናት የሚፈልግን ሽማግሌ ዝም ማለት ጭካኔ ነው።

ጎረቤቶችዎን ደግሞ ዛሬውኑ በራቸውን አንኳኩተው ያነጋግሯቸው። «ሽማግሌ ነው፣ ታሟል፣ ሕክምና ጀምረንለታል፣ ጥቂት ሳምንት ታገሡን» ይበሏቸው። ሰው ውሻው ችላ እንዳልተባለ ሲያውቅ ቁጣው ይበርዳል።

ስለ ወንድምዎ ሐሳብ ያለኝን ሳልደብቅ ልናገር። ዕድሜውን ሙሉ ከሰው እጅ የበላ፣ ዳሌው የደከመ፣ ዓይኑ የፈዘዘ የ13 ዓመት ውሻ ከከተማ ውጭ ቢለቀቅ የሚጠብቀው ርሃብ፣ የመኪና ጎማና ጅብ ነው። እሱ ደግሞ እስከ መጨረሻው የመጣችሁበትን መንገድ እያየ ይጠብቃችኋል። ይህን ላያደርጉት ቃል ይግቡልኝ። ሕመሙ የማይታከም፣ ቀኑም ሌሊቱም ስቃይ ብቻ የሆነበት ጊዜ ከመጣ እርስዎ አጠገቡ ቆመው ጭንቅላቱን ይዘውት በሐኪም እጅ ያለ ሕመም የሚያርፍበት መንገድ አለ። ከደብዳቤዎ እንደማየው ግን ቦቢ ከዚያ ገና ሩቅ ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ፦ የቦቢ ለውጥ በወራት የመጣ ስለሆነ የእብድ ውሻ በሽታን አያስጠረጥርም። ክትባት ያልወሰደ ውሻ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ከተቅበዘበዘ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ ወይም መዋጥ ካቃተው ይኸው በሽታ እንዳይሆን ስጉ። እጃችሁን ወደ አፉ አታስገቡ፣ ለይታችሁ ዝጉበት፣ ሐኪም ጥሩ። ከነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስል ከነካ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥባችሁ ያለ ቀጠሮ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

እርስዎ በዚህ ሳምንት ቢመጡ ደስ ይለኛል። የሦስት ቀኑን የውሃ ልኬት ይዘው ይምጡ። የሚመጡበት ቀን ጠዋት የመጀመሪያውን ሽንቱን በንጹሕ ደረቅ ብልቃጥ ይያዙልኝ፤ ረጅም እጀታ ያለው ጭልፋ ከሥሩ ቢያስገቡለት ሳይደነግጥ ይሸናል። በስልክዎም ሁለት አጫጭር ቪዲዮ ይቅረጹ፤ አንዱ ሌሊት ሳሎኑን ሲዞር፣ ሌላው ደረጃውን ሲወርድ። ሁለተኛውን ሲቀርጹ ከፊት ሳይሆን ከጎን ይሁን፤ የኋላ እግሮቹን የማየው ያኔ ነው።